ከባሕር ማዶ የሚመጡት መንገደኞች

በጂቡቲ ከተማ ኃይለኛው ሐሩር በረድ ማለት በሚጀምርበት በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ወር፣ ከወደቡ መርከቦች ሌላ ከባሕር ማዶ የሚመጡ መንገደኞች አሉ። እነርሱም የእስያንና የምሥራቅ አውሮፓን ብርድ ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚፈልሱ ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሣዎች ናቸው። መርከብ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ በመዝገብ ይጻፋል፤ የአእዋፉ መዝገብ ግን እስከ ዛሬ ቁርጥራጭ ነው።

እነዚህ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው አእዋፍ ረጅሙን መንገድ የሚጓዙት ክንፋቸውን በማርገብገብ ሳይሆን፣ ከጋለ ምድር በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ እየተንሳፈፉ ነው። በባሕር ላይ እንዲህ ያለው አየር በበቂ ሁኔታ ስለማይነሣ፣ ከየመን ጠረፍ ተሰብስበው ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው በባብ ኤል መንደብ ሰርጥ በኩል ይሻገራሉ። ስሙ በዐረብኛ «የልቅሶ በር» ማለት ነው፤ ለአእዋፉ ግን ከሌላው ባሕር ይልቅ የሚቀናቸው በር ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመልካቾች በጂቡቲ በኩል ቆመው፣ ከኦክቶበር 3 እስከ ኖቬምበር 9 ድረስ ከ246,000 በላይ አዳኝ አእዋፍ ቈጠሩ። ከእነዚህም ውስጥ ከ76,000 የሚበልጡት በእስያ የሣር ሜዳ የሚፈለፈሉ ንስሮች ነበሩ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ወቅት ቈጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ነጩ ጥንብ አንሣ በ2007፣ ያ ንስር ደግሞ በ2015 የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት ጋር በዓለም አቀፍ መዝገብ ተመድበዋል። ስለ ዛሬው ብዛት ሲጠየቁ የ1987ን ቁጥር መጥቀስ፣ የአያትን ከብት ቈጥሮ የልጅ ልጅን ሀብት እንደ መናገር ነው።

የቸልታ ዋጋ በሱዳን ታይቷል። በፖርት ሱዳን አጠገብ በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር ነጭ ጥንብ አንሣዎችን ሲገድል ኖረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከምሰሶዎቹ ሥር ሬሳቸው ተገኝቶ ሳለ፣ መሥመሩ ከአገልግሎት የወጣው በ2014 ነው። በጂቡቲም በ2023 ከከተማው በስተ ምዕራብ በጉቤት አካባቢ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመርቋል። ጣቢያው ለአገሪቱ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም። ሆኖም የሚሽከረከረው ክንፍ ስንት ወፍ እንደሚመታ የሚታወቀው፣ ከሥሩ ዘወትር የሚመላለስና የወደቀውን የሚመዘግብ ሰው ሲኖር ብቻ ነው።

ውሃና ሥራ በቸገረበት ከተማ ወፍ መቍጠር ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። ቅሬታው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ቈጠራ የሚጠይቀው አጉሊ መነጽር፣ ደብተርና ከሁሉም በላይ ጽናት ነው፤ በየዓመቱ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ዘዴ መመለስን ይሻል። የጂቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን ሊያከናውኑ ይችላሉ። በአንዳንድ አእዋፍ ጀርባ ላይ የሚታሰረው በሳተላይት የሚከታተል መሣሪያ አንዱ ወፍ የት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ስንት እንደ ቀሩ ግን አይናገርም።

ባሕሩን ከተሻገሩት ብዙዎቹ በጂቡቲ አይቀሩም፤ አፋርን አቋርጠው ወደ ኢትዮጵያ ይዘልቃሉ። በዚያም የኤሌክትሪክ ምሰሶ በየዓመቱ እየበዛ ነው። ስለዚህ በጥቅምት በባሕሩ ዳር የተጻፈው ቁጥር፣ በኅዳር በአዋሽ ሸለቆ ከሚጻፈው ጋር የሚተያይበት አንድ የጋራ መዝገብ ሁለቱ አገሮች ሊከፍቱ ይገባል።