ከወህኒ ለወጣ ሰው ተያዥ ማን ይሁነው?

በዓል በደረሰ ጊዜ ምግብ ይዞ እሥረኛ መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ያው በወህኒ የጠየቅነው ሰው ፍርዱን ጨርሶ ሥራ ፍለጋ ወደ ደጃችን ሲመጣ፥ ብዙዎቻችን በሩን ገርበብ አድርገን እናነጋግረዋለን። በእሥራቱ የራራንለትን ሰው በነፃነቱ እንፈራዋለን።

ዛሬ ማረሚያ ቤት ከምንለው ስፍራ ሽመናን፥ አናጢነትን ወይም የብረት ሥራን ተምሮ የሚወጣ ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ሙያው ብቻ አያስቀጥረውም። ብዙው ቀጣሪ በመጀመሪያ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት ይጠይቀዋል፤ ቀጥሎም ተያዥ አምጣ ይለዋል። ለዓመታት ከሰው ተለይቶ የኖረ ሰው ተያዥ ከወዴት ያገኛል?

ሕጋችን ይህን ሰው አልረሳውም። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፥ ቅጣቱን የፈጸመ ሰው ጠባዩን አሳምሮ ከኖረና ካሣውን በተቻለው መጠን ከከፈለ፥ ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ከ5 ዓመት፥ ሌላው ከ2 ዓመት በኋላ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለማመልከት ይፈቅድለታል። ከተሰረዘለትም በኋላ የቀድሞ ጥፋቱን በክፋት እያነሣ የሚነቅፈው ሰው፥ የተናገርሁት እውነት ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም። ይህም አሳብ እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ።

እንግዲህ ጭንቁ ያለው በመካከል ባሉት ዓመታት ነው። ሕጉ ዓመታትን በመልካም ጠባይ ኑር ይለዋል፤ ረኃብ ግን ሁለት ቀን አይታገሥም። እንጀራውን በቀና መንገድ የሚያገኝበትን ሥራ የነሣነው ሰው፥ መልካም ጠባዩን በምን ያሳየናል?

ስለዚህ ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የምናሳስበው ይህን ነው። የምታውቁት ሰው ሲፈታ ቤተ ሰቡንና ነፍስ አባቱን ጠይቃችሁ ስለ ጠባዩ ተረዱ። ገንዘብ ያጎደለውን ገንዘብ ያዥ አድርጉት አንልም፤ ነገር ግን አናጢ ከሆነ በር፥ ሸማኔ ከሆነ ጋቢ አሠሩት፤ ዋጋውንም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ሙሉውን ክፈሉት። ሥራውን ካያችሁ በኋላ ለሌላው ቀጣሪ ምስክርና ተያዥ ሁኑት። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ፊልሞና በላከው መልእክት የአናሲሞስን ዕዳ በራሱ ላይ አድርጎ፥ በገዛ እጁ ጽፎ ተያዥ ሆኖታል።

እስከ ወህኒ ደጅ ምግብ ለተሸከመ እጅ፥ አንድ ፊርማ ሊከብደው አይገባም።