የሴፕሲስ ሕክምና መለኪያ፦ የጠቋሚው መውረድ ወይስ የሕመምተኛው መትረፍ?

ሴፕሲስ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሚዛኑን ስቶ የራሱን የውስጥ አካላት ሲጎዳ የሚፈጠር አስጊ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ብቻ 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሴፕሲስ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ተገምቷል። በሕመሙ ወቅት ኢንተርሉኪን-6ን የመሰሉ የሰውነት መቆጣት ጠቋሚዎች በደም ውስጥ ስለሚጨምሩ፣ ደሙን ከሰውነት ውጭ አጣርቶ መመለስ ሕይወት ያተርፋል የሚል ተስፋ አድሯል። ተስፋው ምክንያታዊ ቢመስልም እስካሁን ያለው ማስረጃ አይደግፈውም። ስለሆነም በወልቂጤና በቡታጅራ የሚካሄድ የሴፕሲስ ምርምር መነሻውን ከዚህ ሊያደርግ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን በ97 ሕመምተኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ማጣሪያው በውስጡ ካለፈው ደም ኢንተርሉኪን-6ን ቢቀንስም በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ ያለው መጠን ካልተጣራላቸው የተለየ አለመሆኑን አሳይቷል። በ2018 በአሜሪካና በካናዳ 450 ሕመምተኞችን ያሳተፈው የዩፍራቴስ ሙከራም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቷል፤ በፖሊሚክሲን ቢ ማጣሪያ ከታከሙት 37.7 በመቶ፣ የይስሙላ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 34.5 በመቶ በ28 ቀናት ውስጥ ሞተዋል። በዚህም የተነሳ የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ይህን ማጣሪያ አይመክርም።

ምክንያቱ ከሥነ ሕይወቱ ይመነጫል። ጠቋሚዎቹ በዋናነት የሚመነጩት ከቲሹ ነው፤ በደም ውስጥ የሚለካው የዚያ ትርፍ ነው። ምንጩ እስካልደረቀ ድረስ የተቀዳው ተመልሶ ይሞላል። ማጣሪያው ጎጂውን ከጠቃሚው ስለማይለይም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ጭምር ሊያስወግድ ይችላል። ይህ ሲባል ግን ኩላሊቱ ሥራ ላቆመ ሕመምተኛ እጥበት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ ያ ሌላ ዓላማ ያለው፣ ጥቅሙ የተረጋገጠ ሕክምና ነው።

ከገጠር ቀበሌ በሪፈር ለሚመጣ ሕመምተኛ ወሳኞቹ ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፦ ሕመሙ በስንት ሰዓት ተለየ? የመጀመሪያው ፀረ ባክቴሪያ መቼ ተሰጠ? የኢንፌክሽኑ ምንጭ ተወገደ? በ2019 በደቡብ አሜሪካ በ424 ሕመምተኞች ላይ የወጣ ጥናት፣ ጣትን ተጭኖ ሲለቁ ደም የሚመለስበትን ጊዜ እየለኩ ማከም በደም ላክቴት ከመመራት እንደማያንስ ጠቁሟል፤ የሟቾቹ ድርሻ 34.9 እና 43.4 በመቶ ነበር፤ ልዩነቱ ግን በስታቲስቲክስ አልጸናም። ይህን መለኪያ በወልቂጤና በቡታጅራ ለመፈተን የሚያስፈልገው ሰዓትና የሠለጠነ እጅ ነው።

ለዚህ ቅርብ አርአያ አለ። የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራም ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ10 ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን ሲመዘግብ ቆይቷል። መለኪያው የሰው መኖርና አለመኖር ነበር። የድኅረ ምረቃ የሴፕሲስ ጥናቶችም የጠቋሚን መውረድ እንደ መጨረሻ ውጤት ከመቁጠር ይልቅ፣ ከሆስፒታል በሕይወት የወጡትን ሊቆጥሩ ይገባል።