ጎማ ስትቀይሩ ጥርሱን ቁጠሩ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ዘሩንም ማዳበሪያውንም ቤታችሁ ስለሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ነው። ክረምት ሲቃረብ ብዙ ሰው ጎሚስታ ሄዶ «ትልቁን ጎማ ግጠምልኝ፣ ለጭቃ ይሆነኛል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ላውራ። የምሠራበት ሞተር የኋላ ጎማው 3.00-18 ነበር። ሲያልቅብኝ ሻጩ «3.50 ውሰድ፣ ወፈር ያለ ነው፣ ጉልበት አለው» አለኝ። ወሰድኩ። ሜዳ ላይ ደስ አለኝ፤ ፍጥነቱም የጨመረ መሰለኝ። አንድ ቀን ግን ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ፣ ማለትም አንድ ኩንታል፣ ጭኜ ዳገቱን ጀመርኩ። ድሮ በሁለተኛ ማርሽ የምጨርሳት ዳገት መሃሏ ላይ ሁለተኛው እንቢ አለ። ወደ አንደኛ መለስኩት፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ እያስጮህኩ ወጣሁ። እንዲህ ስል ከረምኩና ክረምቱ ሳያልቅ ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። እውነቱን ለመናገር ፍሪሲዮኑ ቀድሞም አርጅቶ ነበር፤ ጎማው ግን ጨረሰው። ሞተሩ ጋራዥ በቆመበት ሳምንት ቀጠሮ የሰጠኋቸው ገበሬዎች ሲጠብቁኝ ዋሉ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ማለት ይኼ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ከጉድጓድ ውኃ የምናወጣበትን መዘውር አስቡት። ገመዱ የሚጠመጠምበት ግንድ ወፍራም ከሆነ ባልዲው በአንድ ዙር ብዙ ከፍ ይላል፤ እጀታው ግን ይከብዳል። ግንዱ ቀጭን ሲሆን ባልዲው ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ለክንድ ግን ይቀላል። ጎማም እንዲሁ ነው። ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ለሞተሩ ግን ይከብደዋል። ጎማ የራሱ ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱ የሞተሩ ነው። «ትልቅ ጎማ ጉልበት ይጨምራል» የሚለው ወሬ ነገሩን ገልብጦ የሚናገር ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 3.00-18 ሲል የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በኢንች ነው፤ ሁለተኛው የቸርኬው መጠን ነው። እንዲህ ዓይነት ቁጥር ባላቸው ጎማዎች የጎማው ከፍታ ከስፋቱ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ስፋቱን ሁለት ጊዜ ወስዳችሁ ቸርኬው ላይ ብትደምሩ የጎማውን ሙሉ ቁመት በግምት ታገኛላችሁ። 3.00-18 ወደ 24 ኢንች ይሆናል፤ 3.50-18 ወደ 25 ኢንች። ልዩነቱ 4 ከመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ፣ ነጂውና አንድ ኩንታል ጭነት አንድ ላይ 290 ኪሎ ቢሆኑ፣ ዳገት ላይ 12 ኪሎ ያህል የጨመራችሁ ያህል ነው። የማይወርድ 12 ኪሎ! በየቀኑ አብሯችሁ ይሄዳል።

በቁጥሩ ካልተማመናችሁ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ሜዳ ላይ አንድ ዙር አንከባልሉትና የሄደበትን በሜትር ለኩ። ጥንቃቄ ግን አድርጉ፦ ያለቀ ጎማ ከአዲስ ጎማ ያንሳል። ስለዚህ አዲሱን ከአዲስ ጋር አወዳድሩ እንጂ ካለቀው ጋር አይሁን።

ታዲያ ትልቁን ጎማ አንዴ ከገዛችሁ ምን ይደረግ? መፍትሔው ሰንሰለቱ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች ላይ ይዞራል፤ ትንሹ ከሞተሩ ጎን ነው፣ ትልቁ ከኋላ ጎማው ጋር ነው። መለዋወጫ ሻጮች ስፕሮኬት ይሏቸዋል፤ እኔ የፊት ጥርስና የኋላ ጥርስ ልበላቸው። የኋላው ጥርስ ሲበዛ ወይም የፊቱ ሲያንስ ሞተሩ ይቀለዋል፤ ፍጥነቱ ግን ይቀንሳል።

ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር አለ። የኋላውን ጥርስ ብዛት በአዲሱ ጎማ ቁመት አባዙ፣ ለአሮጌው ጎማ ቁመት አካፍሉ። ለምሳሌ የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ከሆነ፦ 42 ሲባዛ በ25፣ ሲካፈል ለ24፣ 43.75 ይሆናል። ስለዚህ ባለ 44 የኋላ ጥርስ ብታስገቡ ሞተራችሁ ወደ ድሮ ጠባዩ ይመለሳል። ጥርስ ስትቆጥሩ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉም ይነቀል። ሰንሰለት ጣት ይበላል።

«ለምን እደክማለሁ? የፊቱን አንድ ጥርስ ቀንሼ እገላገላለሁ» የሚል አለ። ይቻላል፤ የፊቱ ርካሽም ነው፣ ለመቀየርም ይቀላል። ግን እወቁት፦ ከፊት አንድ መቀነስ ከኋላ ሦስት እንደ መጨመር ነው። 14 የነበረውን 13 ብታደርጉት ሞተሩ ከድሮውም በላይ ለዳገት ያዘነብላል፤ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ይጮኻል። ሥራው ዳገትና ጭነት ለሆነ ሰው 13ቱ አይከፋም ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው የኋላው 44 ይሻላል።

የጥርሱን ጫፍም እዩ። እንደ ማጭድ ወደ አንድ ጎን ከተቆለመመ አልቋል። ያለቀ ጥርስ ላይ አዲስ ሰንሰለት፣ ወይም አዲስ ጥርስ ላይ የተለጠጠ ሰንሰለት አታስገቡ፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። የፊቱን፣ የኋላውንና ሰንሰለቱን አንድ ላይ መቀየር ዛሬ ውድ ይመስላል፣ ሲከርም ግን ይረክሳል። የኋላው ጥርስ ሲጨምር ሰንሰለቱ ሊያጥር ስለሚችል ቀድማችሁ ለመካኒኩ ንገሩት።

ይሁን እንጂ ጥርስ የማያስተካክላቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍሬን ነው። ጎማው ሲተልቅ የዚያው የፍሬን የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ ይህን የትኛውም ጥርስ አይመልሰውም። ቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት ተቀምጣ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወርዱ የምትፈልጉት ፍሬኑን ነው። ሁለተኛው ክፍተቱ ነው። የዋልካ አፈር አገር ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ጭቃው ጎማው ላይ ተጠቅልሎ ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል። ትልቅ ጎማ ክፍተቱን ስለሚያጠብበው ለጭቃ ብላችሁ የገዛችሁት ጎማ ጭቃ ውስጥ ያቆማችኋል። ጭነት ስትጭኑ ደግሞ ጎማው ከላይ ፓራፋንጎውን፣ ከጎን ሰንሰለቱን ሊነካ ይችላል። በሁሉም በኩል በቂ ክፍተት ከሌለ ያንን ጎማ መልሱት።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ለጭቃ የሚያስፈልገው የጎማው ትልቅነት አይደለም፤ መሬት የሚቧጥጥ ጥልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። ያንን ደግሞ በዚያው በድሮው መጠን ፈልጉ። ከተገኘ ሂሳቡም፣ ስፕሮኬቱም፣ የፍሪሲዮኑ ወጪም አያስፈልግም። ካልተገኘና ትልቁን ለመግዛት ከተገደዳችሁ የጥርሱን ዋጋ ከጎማው ዋጋ ጋር አንድ ላይ አስቡት። ለጎማ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ይዞ ትልቅ ጎማ መግዛት የግማሽ ሥራ ነው።

ሻጩና መካኒኩ «ጥርሱስ ስንት ነው?» ብለው ቢጠይቁን ደግ ነበር። እስኪጠይቁን ድረስ ግን እኛው እንቁጠር። ዛሬ ማታ ሞተራችሁን ስታሳድሩ የጎማውን ቁጥር፣ የፊቱንና የኋላውን ጥርስ ብዛት ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የጎማውን ጎን ፎቶ አንሱት። ሱቅ ስትሄዱ ያንን አሳዩ። ሞተር ላለው ጎረቤታችሁም ንገሩት።