ሽመላ መጥታለች፤ የሚያውቋት አያቶች ለምን ዝም አሉ?

በብርዱ ወራት አፉላ ውስጥ ጠዋት ወጥቶ የሚንሸራሸር ሽማግሌ ጥቂት ነው። አባቶችና እናቶች ጋቢያቸውን ደርበው እቤት ይውላሉ፤ የልጅ ልጆችም ስልካቸው ላይ ናቸው። ውጪ ግን የሚታይ ነገር አለ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቆ፣ በቤት ሸዓን ሸለቆ የዓሣ ኩሬዎች ዳር ሽመላዎች ቆመው ይታያሉ።

አብዛኞቹ ሽመላዎች ከአውሮፓ ተነሥተው በነሐሴና በመስከረም በእስራኤል ላይ አድርገው ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። በአንድ ወቅት የሚያልፉት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው። ሽመላ ሩቅ የምትሄደው ከየብስ በሚነሣ ሞቃት አየር ላይ ክንፏን ዘርግታ ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማታገኝ ሜዲትራኒያንን ዞራ በዚህ በኩል ትመጣለች። ጥቂቶቹ ብርዱን እዚሁ ያሳልፋሉ።

ይህን የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ሊማሩት ይችላሉ። በዕብራይስጥ "ሐሲዳ" ይሏታል። ከመምህራቸው የማያገኙት ሌላው ነው፦ በጎንደር የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላ ስታልፍ ቀና ብለው የኢየሩሳሌምን ደህንነት ይጠይቋት ነበር። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ኋላ በእግራቸው ሱዳን ድረስ ሄደዋል፤ መንገድ ላይ የቀሩም አሉ። የደረሱት ዛሬ አያት ሆነዋል።

"ልጆቹ አማርኛ አይሰሙም፣ ምን ብለን እንንገራቸው?" የሚለው ቅሬታ እውነት አለው። ነገር ግን ወፍ በጣት ይታያል፤ ብዙ ቋንቋ አይጠይቅም። ታሪኩ ለስግድ በዓል ብቻ፣ በመድረክና በማይክሮፎን እንዲነገር መተው ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ልጅ ንግግር ይረሳል፤ ከአያቱ ጋር በብርድ ቆሞ ያየውን ግን ቶሎ አይረሳም።

ስለዚህ የአረጋውያን ሞዓዶን ለሽርሽር አውቶቡስ ሲይዝ ከእያንዳንዱ አረጋዊ ጎን ለአንድ የልጅ ልጅ ወንበር ይያዝ። አውቶቡስ ከሌለም በ2016 የተከፈተው የሸለቆው ባቡር ከአፉላ ቤት ሸዓን ያደርሳል። አዛውንቶቹም "ልጆች ምን ይገባቸዋል" ብለው ነገሩን በሆዳቸው አይያዙት።

ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁ ዘመዶች አሉ። በመጋቢት ሽመላዎቹ ከአፍሪካ ሲመለሱ አያትዬው ቀና ብለው አሁን ደግሞ ስለ ጎንደር ቢጠይቋት፣ አጠገባቸው ያለው ልጅ "ማንን ነው የምትጠይቂው?" ማለቱ አይቀርም። ወሬው የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።