ፍርዱን የሚጠብቅ ልጅ በማን ቤት ይደር?

አንድ ልጅ አጥፍቶ ጥፋቱ በዳኛ ፊት ከተረጋገጠበት በኋላ፤ ምን ይደረግበት የሚለው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ጥቂት ቀን፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ሳምንት ያልፋል። ዳኛው የልጁን ጠባይ፤ የትምህርቱን ነገርና የቤቱን ኑሮ ሳይመረምር ሊፈርድ አይገባውምና ወላጆቹንና አስተማሪዎቹን ጠርቶ ይጠይቃል። እኛም ዛሬ የምናነሣው በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ስላለው ሌሊት ነው።

በአገራችን ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ግን ለብቻው በተሠራ ሥርዐት ይዳኛል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ከዐዋቂ ወንጀለኞች ጋራ እንዳይታሰር ከልክሎለታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዐት ሕግ በቁጥር 172 ላይ፤ ነገሩ ለሌላ ቀን የተቀጠረ እንደ ሆነ ልጁ ለወላጆቹ፤ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ እንዲሰጥ፤ እነዚህ የታጡ እንደ ሆነ ግን በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ኃላፊ ለሚሆን ለታመነ ሰው እንዲሰጥ አዘዘ። ልብ አድርጉ፤ ሕጉ አስቀድሞ የጠራው ቤትን ነው እንጂ ወህኒን አይደለም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው በቁራኛ ወደ ዳኛ በሚሄዱበት በቀድሞው ዘመን እንኳ ዋስ የጠራ ሰው ይፈታ ነበር።

ከ15 ዓመት አልፎ 18 ያልሞላው ግን ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም የሚዳኘው በዐዋቂ ሥርዐት ነውና የዋስትናው ነገር ይከብዳል። ዳኛው ሦስት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም የታዘዘውን ግዴታ ይፈጽም እንደ ሆነ፤ ሌላ ወንጀል ይሠራ እንደ ሆነ፤ ምስክር ያባብል ወይም ማስረጃ ያጠፋ እንደ ሆነ ነው። ጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ምስክሩ ተሰምቶ አልፎአልና የኋለኛው ፍርሃት ይቀልላል። የፊተኛው ግን ይብሳል፤ ቅጣት እንደሚጠብቀው ያወቀ ልጅ እግሩ ለሽሽት ይፈጥናልና።

አሁን ሁለት የ14 ዓመት ልጆች አንድ በግ ሰርቀው ተያዙ ብለን እናስብ። የአንዱ አባት በችሎቱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው ከገጠር መጥቶ በከተማ ጫማ የሚጠርግ፤ ዘመዱም ከሦስት ቀን መንገድ ማዶ ያለ ነው። ጥፋታቸው አንድ ሆኖ ሳለ ያኛው ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ ይኸኛው ሊታሰር ነው። ይህን ሁለተኛውን ልጅ ያሰረው ስርቆቱ ነው ወይስ ዘመድ ማጣቱ? በእኛ አሳብ ዘመድ ማጣቱ ነው። በእስር ቤትም ከእርሱ የበረቱ ሌቦችን ካገኘ፤ ከበግ ስርቆት የሚበልጥ ጥበብ ተምሮ ይወጣል።

በጉ የጠፋበት ሰውስ ምን ይላል? ቅር ቢለው አንፈርድበትም። ነገር ግን በዋስ ማደር ነጻ መውጣት አለመሆኑን ዳኛው በግልጥ ሊያስረዳው ይገባል። ደግሞም ቤት ሁሉ ቤት አይደለም። ልጁን ለስርቆት የሚልከው የገዛ አባቱ የሆነ እንደ ሆነ፤ ወይም ልጁ ባለበጉን በበቀል የሚያስፈራራ እንደ ሆነ ወደዚያው መመለስ ጉዳት ነው። ያን ጊዜ ከዐዋቂዎች ተለይቶ ይቆይ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀውና ኢትዮጵያም የተቀበለችው የሕፃናት መብት ስምምነት እንደሚለው ግን ይህ የመጨረሻው መንገድ ሊሆን፤ ቀኑም ሊያጥር ይገባል።

እንግዲህ ሕጉ የታመነ ሰው ያለው ማን ነው? በሹመትና በክብር ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ዳኛው በየሰፈሩ የሚፈልገው እናንተን ነው። የዋሱ ሥራ ፈርሞ መሄድ አይደለም፤ ልጁ ሳይመሽ እንዲገባ፤ ትምህርት ያለው እንደ ሆነ እንዳያቋርጥ፤ ከስርቆት ጓደኞቹ እንዲለይ መጠበቅ ነው። የዋስትና ዋጋ ነው ብሎ እንጨት ፈላጭ ውሃ ቀጂ አድርጎ ማኖርም ነውር ነው። በቀጠሮውም ቀን ማልዶ ከልጁ ጋራ ይቅረብ፤ በነዚያ ሌሊቶች ያየውን በጎውንም ክፉውንም ሳይሸሽግ ለዳኛው ይንገረው።