ሶማሌ ቤት ገብቶ ጥብስ ማዘዝ ይብቃ!

ቦሌ ሚካኤል ሶማሌ ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ «ጥብስ አለ?» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ያ ቤት ጥብስ ሊሸጥላችሁ አልተከፈተም! ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሩዙ በቅመም አውዶ፣ የፍየሉ ሥጋ ከአጥንቱ እስኪላቀቅ በስሎ ይታያል እኮ። ሩዝ በፍየል እዘዙ። አብሮ የሚመጣውን ሙዝ ለመጨረሻ አታቆዩት፤ ከሩዙ ጋር እየገመጡ ነው የሚበሉት። የግመል ወተት ካለም አትለፉት።

አዲስ አበባ የመላው አገር ጓዳ የተሰበሰበባት ከተማ ሆና ሳለ እኛ ከጥብስ፣ ከሽሮና ከበያይነቱ አንወጣም። «የባህል ምግብ» የሚል ታፔላ የሰቀሉት ትልልቅ ቤቶች ደግሞ ይብሳሉ። መድረኩ ላይ የወላይታው፣ የትግራዩ ጭፈራ በየተራ ይወጣል፤ መሶቡ ላይ ግን ሁልጊዜ ያው ዶሮ ወጥና ያው ክትፎ ነው። የሰውን ጭፈራ እያጨበጨቡ ምግቡን ከደጅ መመለስ ንቀት ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ክትፎ ቤትም ቢሆን ያው ነው። ሰው ክትፎውን አዝዞ ቆጮውን ገፋ አድርጎ «እንጀራ አምጪልኝ!» ይላል። የጉራጌ እናቶች እንሰቱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው፣ ለወራት አብላልተው ያደረሱት ምግብ እኮ ነው። በዚህች አገር ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሰው በእንሰት ይኖራል። የቆጮው ኮምጠጥ ማለት የቅቤውንና የሚጥሚጣውን ኃይል ያበርደዋል፤ ያለ እሱ ክትፎው ጎዶሎ ነው። ጥሬ የማይስማማችሁ ለብለብ በሉ፤ አይቡንና ጎመኑን ግን አታስቀሩ። ከዚያው ከእንሰት የሚወጣው ቡላ ካለ ደግሞ ገንፎውን በቅቤ አሠርታችሁ ብሉ። «ቡላ የአራስ ነው» የሚለኝን ሰው አልሰማውም። አራስን የሚያነሳ ምግብ ለጤነኛ ምን ጎደለው?

ትግራይ ምግብ ቤት ስትገቡ ጥህሎ ጠይቁ። የዓጋመ ሰው የተቆላ ገብስ ዱቄት አቡክቶ፣ አድቦልቡሎ፣ በሹካ መሳይ እንጨት እየወጋ ሥጋ ወጥ ውስጥ እያጠቀሰ ይበላል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ጥህሎ በጨዋታ መሀል የሚበላ ነው።

ባለቤቶቹንም አልምርም። ወለጋ ተወልዶ፣ እናቱ አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ በቅቤ እያሸች ያሳደገችው ሰው አዲስ አበባ ምግብ ቤት ሲከፍት ሜኑው ላይ አንጮቴ የለም። «ሰው አይጠይቅም» ይላል። አንተ ሳታቀርብ ማን ይጠይቅህ? ምን እንደሚጣፍጥ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? በላተኞችም ሜኑውን ዝጉና አስተናጋጇን «እናንተ ጓዳ ምን በላችሁ?» በሏት። የነገረቻችሁን እዘዙ።