ከተራዊህ በኋላ የሚተርፈው ሰዓት

በረመዳን ብዙዎቻችን በሌላው ወር የማይሆንልንን አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ትልቅ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እናነባለን። ቁርኣን 30 ጁዝእ ነው። በስፋት በሚሠራጨው የመዲና ኅትመት 604 ገጽ አለው። ከአምስቱ ሶላቶች በኋላ አራት አራት ገጽ የሚቀራ ሰው በቀን 20 ገጽ ይሆንለታል፤ ወሩ ሲገባደድም ለማኽተም ይደርሳል።

ይህን የሚያደርጉት ጊዜ የተረፋቸው ሰዎች አይደሉም። ቀኑን ሱቅ ላይ የሚውለው ነጋዴ፣ ታክሲ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሠራተኛ፣ ለአፍጥር ሾርባና ሳምቡሳ የምታሰናዳው እናት ናቸው። ስለዚህ «ማንበብ የተውነው ጊዜ አጥተን ነው» የሚለው ምክንያት ረመዳን ላይ ሲደርስ አይቆምም። የጎደለን ሥርዓት ነው፦ የተወሰነ ገጽ፣ የተወሰነ ሰዓት፣ «የት ደረስክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

እርግጥ ቁርኣን የሚቀራው ለአጅር ነው፤ ሌላ መጽሐፍ ከእርሱ ጋር አይነጻጸርም። የምንዋሰው ግን ልማዱን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በስም የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ መሆኑን አይቶ የተወው ግን ብዙ ነው። በቀን 20 ገጽ ለሚያነብ ወር አይፈጅም።

ለዓመታት ከመጽሐፍ ለራቀ ሰው 20 ገጽም ሊከብድ ይችላል። ዓይን ይደክማል፣ ሐሳብ ይበተናል፣ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። እንግዲያው በአራት ገጽ ይጀመር፤ ሳይሰለች ያልቃል፣ ነገም ያስመልሳል። የመጽሐፍ ዋጋ መናሩ እውነት ነው። ቢሆንም አዲስ አበባ ውስጥ ወመዘክርም፣ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆትም አሉ፤ ከጎረቤት መዋዋስም አለ።

ልጆቻችን በዚህ ወር ሙስሐፍ ይዘን ያዩናል። ከዒድ ማግስት ጀምሮ ስልክ ብቻ ይዘን ካዩን፣ ማንበብ የአንድ ወር እንግዳ እንደሆነ ይማራሉ። ከሱብሂ በኋላ ለቁርኣን የለመድነው ሰዓት ለቁርኣን ይቆይ። ሸዋል ሲገባ ግን ተራዊህ የምንሰግድበት ሰዓት ይተርፈናል። እርሱን ቴሌቪዥንና ስልክ ሳይሻሙት ለመጽሐፍ እንስጠው። መጽሐፉንም ከአሁኑ መርጠን እናስቀምጥ።